መጠይቅም ይፈተናል፦ የዕለት ኑሮን ሚዛን ስለ መለካት

የልማት ተቋም ሥራውን ከመጀመሩ በፊትም ከፈጸመ በኋላም ይጠይቃል። ምንጭ ሳይጎለብት እናቶች ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚወስድባቸው ይጠይቃል፤ ምንጩ ከጎለበተ በኋላም ያንኑ ደግሞ ይጠይቃል። ልዩነቱ በሪፖርት ይገባል፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀትም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል። ነገር ግን ከአንዲት እናት ጫንቃ የወረደው ሰዓት ወዴት ሄደ? ዕረፍት ሆነላት? ልጆቿን የምታይበት ጊዜ አገኘች? ወይስ ሌላ ሥራ ወዲያው ተተካበት? ይህን ሰዓት በመቁጠር ብቻ ማወቅ አይቻልም። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ከሰዓቱ ቁጥር ይልቅ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ለመለካት የተዘጋጁ መጠይቆች በዓለም ላይ አሉ። ከእነርሱ አንዱ በስዊድን ተዘጋጅቶ ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ በዓረብኛም ተፈትኗል። በዚህ ጽሑፍ መጠይቁ ምን እንደ ሆነ፣ በሌላ ቋንቋ ሲገባ ለምን እንደሚፈተን፣ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ቢመጣም በምን በምን ሊሰናከል እንደሚችል እናብራራለን። የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የተተረጎመ መጠይቅ ገና መለኪያ አይደለም፤ መለኪያ የሚሆነው በሚጠየቁት ሰዎች ንግግርና ኑሮ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው።

ሰዓትን ከመቁጠር ባሻገር

በአገራችን ሴቶችና ወንዶች ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ አጥንቷል። እንዲህ ባለው ጥናት ተጠያቂው የአንድ ቀን 24 ሰዓቱን ከመነሣት እስከ መተኛት በዝርዝር ይናገራል፤ መዝጋቢውም እያንዳንዱን ተግባር በየመደቡ ያስገባል። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና ሴቶች በግብርና ያላቸውን አቅም የሚለካው ዓለም አቀፍ መለኪያም በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል። በዚህ መለኪያ በቀን ከ10.5 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው የሥራ ጫና እንዳለበት ይቆጠራል።

ይህ አሠራር ብዙ ጠቅሟል። የማገዶ ለቀማ፣ የውኃ ቀጂነትና የልጅ ማሳደግ ድካም ቀድሞ በማናቸውም መዝገብ አይታይም ነበር፤ በሰዓት ሲቆጠር ግን ታየ። ይሁንና ሁለት እናቶችን እናስብ። ሁለቱም በቀን 11 ሰዓት ይሠራሉ። አንደኛዋ አማትና የደረሰች ልጅ አሏት፤ ሥራውን ተከፋፍለው ያነሡታል፤ ከሰዓት በኋላም ቡና አፍልታ ከጎረቤት ጋር ትጫወታለች። ሁለተኛዋ ብቻዋን ናት፤ የታመመ ባል ታስታምማለች፤ ሌሊትም እንቅልፍ የላትም። የሰዓት መዝገቡ ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል። ኑሯቸው ግን እኩል አይደለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሡት ኦኩፔሽናል ቴራፒ በተባለው ሙያ ያሉ ሰዎች ናቸው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው የዕለት ተግባሩን መልሶ እንዲያከናውን የሚያግዝ የጤና ሙያ ነው፤ በአገራችንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። በዚህ ሙያ እምነት፣ ጤና በሥራ ብዛት ወይም ማነስ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሥራ፣ ዕረፍት፣ እንቅልፍ፣ ከሰው ጋር መዋልና ለራስ የሚደረግ ነገር ተመጣጥነው ሲገኙ ጤናም ይጸናል፤ ሲዛነፉ ግን ጤናም አብሮ ይናጋል።

ፔትራ ዋግማንና ካሪታ ሆካንሶን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን ሚዛን የሚለካ ባለ 13 ነጥብ መጠይቅ አሳተሙ። በኋላም መጠይቁ ተሻሽሎ ወደ 11 ነጥብ ዝቅ ብሏል። መጠይቁ ሰዓት አይቆጥርም። በተለመደ ሳምንት የሚሠራው ሥራ በዝቶ ወይም አንሶ እንደ ሆነ፣ ለሌሎች የሚደረገውና ለራስ የሚደረገው ተመጣጥኖ እንደ ሆነ፣ ግድ የሆነውና በፈቃድ የሚሠራው፣ ኀይል የሚሰጠውና ኀይል የሚወስደው ተግባር እንዴት እንደሚነጻጸሩ፣ ዕረፍትና እንቅልፍ ይበቁ እንደ ሆነ ይጠይቃል። መልሱን የሚሰጠው ራሱ ባለ ኑሮው ነው፤ ምን ያህል እንደሚስማማ በደረጃ ይመልሳል፤ ነጥቦቹም ይደመራሉ። ከፍ ያለ ድምር ሚዛኑ የተሻለ መሆኑን ያሳያል።

ዓረብኛው ለምን መፈተን አስፈለገው?

በስዊድን የተጻፈ ጥያቄ በስዊድን ኑሮ ላይ የቆመ ነው። ቃላቱን ወደ ዓረብኛ ማዞር ለአንድ ጎበዝ ተርጓሚ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ትርጉሙ ያንኑ ነገር መለካቱን ማረጋገጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። ዓረብኛ በመጽሐፍና በዜና የሚሰማበት መንገድ በካይሮ፣ በካርቱም ወይም በሪያድ ሠፈር ከሚነገርበት ይለያል። ለተማረው ግልጽ የሆነው ቃል ፊደል ላልቆጠረው እንግዳ ሊሆን ይችላል። በአማርኛም ያው ነው፤ አዲስ አበባ በቢሮ ተጽፎ የወጣ ጥያቄ በቢቸና ገበሬ ጆሮ እንደ ተጻፈው ላይሰማ ይችላል።

የሁለቱን ቋንቋዎች ዝምድና የሚያሳይ አንድ ቃልም አለ። «ሚዛን» በዓረብኛም በአማርኛም አለ፤ በሁለቱም መጀመሪያ የሚያስታውሰው የገበያውን መመዘኛ ነው። «የሥራዎ ሚዛን እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ስለ ሥራው ክብደት እንደ ተጠየቀ ቆጥሮ «ከባድ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የተጠየቀው ግን ስለ ክብደት ሳይሆን ስለ መመጣጠን ነበር።

ለዚህ ሲባል በእንዲህ ዓይነት ሥራ የተለመደ ሥርዓት አለ። በመጀመሪያ ሁለት ተርጓሚዎች ሳይመካከሩ ይተረጉማሉ፤ ሁለቱ ትርጉሞች ተነጻጽረው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን መጠይቅ ያላየ ሌላ ሰው ትርጉሙን ወደ ነበረበት ቋንቋ ይመልሰዋል። የተመለሰው ከጥንቱ ጋር ሲተያይ የተጣመመው ቦታ ይገለጣል። ቀጥሎ የቋንቋ፣ የጤናና የአካባቢው ኑሮ ዐዋቂዎች ተቀምጠው እያንዳንዱን ጥያቄ ይመረምራሉ። በመጨረሻ ከ30 እስከ 40 ለሚሆኑ ሰዎች ይቀርብና «ይህን ስንጠይቅዎ ምን መሰለዎት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩን» ይባላሉ። ብዙውን ጊዜ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚህ ከመጨረሻው ደረጃ ነው።

ትርጉሙ እንዲህ ከተስተካከለ በኋላ የቁጥር ፍተሻ ይከተላል። ይህን በገበያ ሚዛን መረዳት ይቻላል። አንድ ኩንታል ጤፍ ጠዋት ተመዝኖ 100 ኪሎ ካለ፣ ከሰዓት በኋላም ያንኑ ማለት አለበት። መጠይቁም ኑሯቸው ላልተለወጠ ሰዎች ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሲደገም ተቀራራቢ ውጤት ማምጣት አለበት። ይህ አንዱ ፍተሻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው። ሊ ክሮንባክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1951 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው አልፋ በተባለ ቁጥር ይለካል፤ 0.70 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ደኅና ይታያል። ወደ 1 እጅግ ሲጠጋ ግን ጥያቄዎቹ አንዱን ነገር እየደጋገሙ እንደ ሆነ ያመለክታል።

ሦስተኛው ፍተሻ ከሁሉ ይከብዳል። የተበላሸ ሚዛን ጠዋትም ማታም በእኩል ሊያሳስት ይችላልና፣ መልስ አለመለዋወጡ ብቻ እውነት መሆኑን አያሳይም። ስለዚህ መጠይቁ ሊለካው የታሰበውን ነገር በእርግጥ እንደሚለካ በሌላ ማስረጃ መታየት አለበት። ለምሳሌ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች በአማካይ ዝቅ ያለ ነጥብ ሊኖራቸው ይገባል። ዝቅ ካላለ፣ ወይ መጠይቁ ወይ ግምታችን ስሕተት አለበት ማለት ነው።

በአገራችን የታየው

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምሁራን መራቀቂያ ብቻ እንዳይመስል፣ በአገራችን የተሠሩ ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። ሁለቱም ድብርትን የሚለዩ መጠይቆችን የሚመለከቱ ናቸው።

የመጀመሪያው በመላው ዓለም የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መጠይቅ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ከ900 በላይ ተመላላሽ ታካሚዎች ተጠይቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል። የአማርኛው ትርጉም ሲደገም የሚስማማ ሆኖ ተገኘ፤ ሕመሙ ያለበትንና የሌለበትን ለመለየትም በሌላው ዓለም የተለመደው 10 ነጥብ ተስማሚ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያ በመጡ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ ተስማሚው መለያ ወደ 5 ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የአዲስ አበባው መለያ ሳይፈተን ወደ ገጠሩ ቢወሰድ ኖሮ፣ መታከም የሚገባቸው ብዙ ሰዎች «ጤነኛ» ተብለው ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር።

ሁለተኛው በስኮትላንድ ከተማ በኤዲንብራ የተሰየመው፣ የወለዱ እናቶችን ድብርት የሚለየው መጠይቅ ነው። በቡታጅራ ገጠር ተፈትኖ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ በአካላዊ ስሜቶችና በዕለት ተግባር ላይ ይበልጥ የሚያተኩረው ሌላ መጠይቅ በለጠው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ግን ያው የኤዲንብራ መጠይቅ በጥሩ ሁኔታ ሠራ። ከአንድ አገር ሳንወጣ እንኳ ከተማና ገጠር ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ከስዊድን በዓረብኛ በኩል አልፎ ወደ ጎጃም የሚመጣ መጠይቅ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ግልጽ ነው።

መጠይቁ ቢቸና ቢደርስ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ጥቁር መሬት የጤፍ አገር ነው። ሞጣም በሁለት እጁ እነሴ ወገን፣ ከጮቄ ተራራ ሰሜን ያለውን ሕዝብ የምትሰበስብ የገበያ ከተማ ናት። በዚህ ምድር ለሚኖር ሰው መጠይቁ ቢቀርብለት በየትኞቹ ቃላት ላይ እንደሚያመነታ አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል።

«ዕረፍት» የሚለውን እንውሰድ። በወር በወር የሚከበሩት የሚካኤል፣ የማርያም፣ የበዓለ ወልድና የሌሎችም በዓላት በገጠር በሬ የማይጠመድባቸው ቀናት ናቸው። አባወራው «በወር ስንት ቀን ያርፋሉ?» ቢባል እነዚህን ይቆጥራል። ባለቤቱ ግን በዚያው ቀን ውኃ ቀድታለች፣ እንጀራ አቅርባለች፣ እንግዳ አስተናግዳለች። የማኅበር ተራ ከደረሳቸውም ጠላውን ከቀናት በፊት መጥመቅ ጀምራለች። በዓሉ ለሞፈሩ ዕረፍት ሲሆን ለምጣዱ ዕረፍት አይደለም። «በበዓል ቀን ያርፋሉን?» ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ የባልንና የሚስትን መልስ አንድ ያደርገዋል፤ እውነቱም በዚያው ይሰወራል።

«ሥራ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እናት ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ጥጥ ስትፈትል፣ ሥራ ላይ ናት ወይስ ጨዋታ ላይ? ሕፃን አዝላ ወጥ ስታማስል ስንት ሥራ እየሠራች ነው? እርሷ ራሷ «ምንም አልሠራሁም፤ ቤት ነው የዋልሁ» ልትል ትችላለች። በብዙ ቤት «ሥራ» ማለት የእርሻ ወይም የመንግሥት ሥራ ነውና።

ግድ የሆነውንና በፈቃድ የሚሠራውን መለየትም ከሁሉ የበለጠ ያስቸግራል። «ግዴታ» የሚለው ቃል ግብርን ወይም በበጋ የሚደረገውን የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ያሳስባል። ታዲያ ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው? ማንም አያስገድድም፤ የሚቀር ሰው ግን የለም። ወንፈልስ? ዛሬ ለጎረቤት ያጨደ ሰው ነገ ለእርሱ ይታጨድለታል። ይህ ለሌላ የተደረገ ነው ወይስ ለራስ? በስዊድኑ መጠይቅ ሁለት ሆነው የተለዩት ነገሮች እዚህ በአንድ ገመድ የተገመዱ ናቸው። ምናልባት «የማይቀር ሥራ» እና «ቢቀርም የማያስወቅስ» ብሎ መጠየቅ ይሻል ይሆናል፤ ይህንም የሚፈርዱት ተጠያቂዎቹ ናቸው።

«የተለመደ ሳምንት» የሚለውም በቀላሉ አይታለፍም። በነሐሴ አረም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ፣ በጥር ሠርግ፣ ከዚያም ዐቢይ ጾም ይከተላል። ከእነዚህ የትኛው ሳምንት ነው የተለመደው? ለመደጋገም ፍተሻውም ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በኅዳር መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሆን፣ በመካከሉ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል፤ አጨዳውም ይጧጧፋል። መልሱ ቢለወጥ የተለወጠው ኑሮው ነው፤ መጠይቁ ላይ መፍረድ አይገባም።

ከቃላቱም ሌላ የመልሱ አሰጣጥ አለ። በእኛ አገር ስለ ኑሮው የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ መልካም ልማድና የእምነት ቃል ነው። ጠያቂው ግን «በኑሮዬ ረክቻለሁ» ከሚለው ጋር በ«እጅግ እስማማለሁ» ቢመዘግበው፣ ምስጋናን እንደ እርካታ መቁጠሩ ነው። ሰውየው በችግርም ሳለ ያመሰግናል። እንግዳን በነገር አለመቃወምም ጨዋነት ነውና «ይስማማሉን?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» ማለት ይቀላል። በዚህ ላይ ጠያቂው ከቤተ ክርስቲያን የልማት ተቋም ወይም ከቀበሌ የመጣ ከሆነ፣ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው ችግሩን ሊያጎላ፣ የሚያፍር ሰውም ሊሸሽግ ይችላል። ሚስት ባሏ አጠገብ ተቀምጦ ብትጠየቅ መልሷ የእርሷ ብቻ አይሆንም።

ፍተሻው እንዴት ይሁን?

ይህ ሁሉ መሰናክል መለካትን እንድንተው አያደርገንም፤ በሥርዓት እንድንለካ ያስተምረናል እንጂ። ወደፊት በምሥራቅ ጎጃም እንዲህ ያለ መጠይቅ ሊሠራበት ቢታሰብ ቢያንስ እነዚህ ነገሮች ሊሟሉ ይገባል እንላለን።

መጀመሪያ፣ የመጠይቁን ባለቤቶች ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ ዓረብኛው ወይም ሌላው ትርጉም ስለ ተፈተነ አማርኛውም እንደ ተፈተነ አይቆጠርም። ትርጉሙ ሲመረመር የቋንቋ ምሁርና የጤና ባለሙያ ብቻ ሳይሆኑ ካህን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አባወራና እማወራ፣ አካል ጉዳተኛም በጉባኤው ይቀመጡ። ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ጥያቄው በቃል ይቅረብ፤ የመልሱ ደረጃም በሚታይ ነገር ይገለጽ። አራት ባቄላ አስቀምጦ «ሙሉ በሙሉ ከሆነ ሁሉንም፣ ከፊሉ ከሆነ ጥቂቱን ያንሡ» ማለት «በመጠኑ እስማማለሁ» ከማለት ይልቅ ይገባል።

ሴቶችን ሴት ጠያቂ ለብቻቸው ትጠይቃቸው። ጠያቂውም መልሱ እርዳታ እንደማያስገኝና እንደማያስቀር አስቀድሞ ይናገር፤ ያልፈለገ ሰው ያለ ምንም ቅሬታ ይተው። ቢቸና ከተማና በዙሪያዋ ያለው ገጠር ለየብቻ ይታዩ፤ የአዲስ አበባውና የገጠሩ ልዩነት ያስተማረን ይህን ነውና። የመደጋገም ፍተሻው በአንድ የእርሻ ወቅት ውስጥ ይጠናቀቅ። በተጨማሪም ከተጠያቂዎቹ የአንዳንዶቹ የዕለት ውሎ በሰዓት ተመዝግቦ ከመጠይቁ መልስ ጋር ይነጻጸር። ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ሰዓቱ ያላየው ነገር ይገኛል።

ይህ ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። የፕሮጀክት ጊዜ አጭር ሲሆን ፍተሻውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ጥያቄው መሄድ የሚፈትን ነገር ነው። ነገር ግን ዋጋውን ከሌላው ወገን እናስላ። ያልተፈተነ መጠይቅ «የእናቶች ኑሮ ተሻሽሏል» ቢለን፣ የወፍጮው፣ የምድጃው ወይም የሁለተኛው የውኃ ቦኖ በጀት ወደ ሌላ ይዛወራል። «አልተሻሻለም» ቢለንም፣ የሚጠቅም ሥራ እንደማይጠቅም ተቆጥሮ ይዘጋል። በሁለቱም መንገድ የስሕተቱን ዕዳ የምትከፍለው መጠይቁን ያዘጋጀችው አይደለችም፤ ቦኖው ሳይደርስላት የቀረችው እናት ናት።

በገበያ ላይ እህል የሚሸጥ ሰው ሚዛኑ ትክክል ለመሆኑ በገዢው ፊት ሊያሳይ ይገባዋል። የሰውን ኑሮ ለመመዘን የምንነሣ ሁላችንም፣ መዝገባችንን ከመክፈታችን በፊት የያዝነው ሚዛን በእነርሱ ቋንቋና በእነርሱ ውሎ የተፈተነ መሆኑን ማሳየት አለብን።